ከወህኒ ይልቅ እርቅ ይሻላል ወይ? ስለ ወንጀል፣ ሽምግልናና ካሳ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ ያገሬ ልጆች። ባለፈው ስለ እርቅና ስለ እስራት ትንሽ ነገር ጽፌ በውስጥ መስመር የመጣልኝን ጥያቄ አንድ በአንድ መመለስ አቃተኝ፣ ዛሬ ከሰዓት ሥራ ስለሌለኝ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ለማታውቁኝ፣ የምሠራው ጎንደር ነው፣ ድሮ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ አሁን ጠበቃ ነኝ፣ ከዛ ውጪ እርቅ ሲኖር ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን እንድጽፍላቸው ይጠሩኛል። ስለዚህ ችሎቱንም አውቀዋለሁ፣ ዛፍ ስር ያለውንም አውቀዋለሁ። የሰው ጉዳይ ስለሆነ ምሳሌ ስሰጥ ሰፈሩንና አንዳንድ ነገር ቀይሬ ነው።

ከአዘዞ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ። ይሄ ሪስቶሬቲቭ ጀስቲስ የሚሉት ነገር ከኛ ሽምግልና በምን ይለያል? ፈረንጅ የኛኑ ወስዶ ስም አወጣለት እንዴ?

ደህና ዋልክ ወንድሜ። አልወሰደብንም፣ እነሱም ከየራሳቸው ቤት ነው ያገኙት። ብዙ ጊዜ መነሻ ተብላ የምትጠቀሰው ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ኤልማይራ የምትባል ከተማ ናት፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት የ22 ሰው ንብረት አበላሹ፣ ማርክ ያንትዚ የሚባል የአመክሮ ሠራተኛ ልጆቹ ያበላሹበትን ሰው ሁሉ በየበሩ ሄደው ፊት ለፊት እንዲያገኙት ሐሳብ አቀረበ፣ ዳኛውም እሺ አለ፣ ልጆቹ በር እያንኳኩ ይቅርታ ጠየቁ ያጠፉትንም ከፈሉ። ኒውዚላንድ ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ልጅ ሲያጠፋ ፍርድ ቤት ከመቆሙ በፊት የልጁ ቤተሰብና የተበደለው ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲመክሩ አደረገች፣ እሱም ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ብዙ የወሰደ ነው።

አሁን ልዩነቱ። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የትኛው ሕግ ተጣሰ፣ ማን ጣሰው፣ ስንት ዓመት ይገባዋል የሚለውን ነው። ሪስቶሬቲቭ ጀስቲስ ግን ማን ተጎዳ፣ ምን አጣ፣ ያጣውን የሚመልስለት ማነው ብሎ ነው የሚጀምረው። ሽምግልናችን ለሁለተኛው ይቀርባል ግን አንድ አይደለም፣ ምክንያቱም ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያስበው ሰፈሩ እንዳይተላለቅ ነው፣ ደም እንዳይመለስ። ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ግን ሰፈር ሰላም ሆኖ የተጎዳው ሰው ብቻውን ቤቱ ሲያለቅስ የሚያድርበት እርቅ ብዙ አይቻለሁ። እኔ እርቅ ቦታ ስደርስ መጀመሪያ የማየው ነገር ተበዳዩ የት ተቀምጧል የሚለውን ነው። መሃል ነው? ጥግ ነው? ወይስ ጭራሽ የለም?

ከማራኪ፦ እሺ በአጭሩ፣ ከታረቅን ክሱ ይቋረጣል ወይስ አይቋረጥም? ሰው ሁሉ የተለያየ ነው የሚለው

የተለያየ የሚለው ወንጀሉ ስለሚለያይ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰሱ ወንጀሎች አሉ፣ ስድብ፣ ቀላል የአካል ጉዳት የመሳሰሉት፣ እነሱ ላይ ተበዳዩ አቤቱታውን ካነሳ ነገሩ ያልቃል። በግል ክስ በሚቀርብ ጉዳይ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው መጀመሪያ እንዲያስታርቅ ያዘዋል፣ ከታረቁም እርቁ ተመዝግቦ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። እዛው ሕግ ላይ የአጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ እጅ እልፊትን፣ ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን በተቻለ መጠን በስምምነት ይጨርስ ይላል፣ 5 ብር ያኔ ገንዘብ ነበር።

ከባድ ወንጀል ላይ ግን፣ ግድያ በለው ከባድ አካል ማጉደል በለው ውንብድና በለው፣ ከሳሹ መንግሥት ነው፣ ሁለት ቤተሰብ ተቃቅፎ ቢላቀስም ክሱ ይቀጥላል። እርቁ ታድያ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ላይ አጥፊው ከልቡ ተጸጽቶ ተበዳዩን ከረዳ፣ ጥፋቱን ካመነ ወይም እጁን ከሰጠ፣ በተቻለው ከካሰ ቅጣቱ ይቀልለታል። አመክሮ ሲጠየቅም በአንቀጽ 202 የሚታየው አንዱ ነገር ጉዳቱን አቅሙ በፈቀደ መካሱ ነው። በ2003 የወጣው የወንጀል ፍትህ ፖሊሲም ከመደበኛው ክስ ውጪ ያሉ መንገዶችን፣ እርቅን ጨምሮ፣ በስም ጠርቶ ያስቀምጣል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ በዚህ ነገር እዚህ አገር ያልተቃጠለ ዐቃቤ ሕግ የለም። ከእርቁ በኋላ ምስክር ይጠፋል። ትናንት "በዓይኔ አይቻለሁ" ያለ ሰው ችሎት ሲቆም "እኔ እንኳን መሽቶ ስለነበር አልለየሁትም" ይላል፣ ሽማግሌዎቹ መክረውታል ማለት ነው። ይሄ እርቅ አይደለም። እርቅ እውነቱን ተናግሮ ነው፣ እውነቱን ቀብሮ ከሆነ አንድ ቀን ይወጣል፣ ሲወጣ ደግሞ በጥይት ነው የሚወጣው።

ከቀበሌ 18፦ ባለፈው የጠቀሱት የባጃጅ ልጅ ጉዳይ ምን ሆኖ አለቀ? ሙሉውን ይንገሩን እባክዎ

እሺ እህቴ፣ እሱን ሳስበው አሁንም ያመኛል። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ባጃጁ የሱ አይደለም፣ በቀን ገቢ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቁልቁለት ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ገጨ፣ ሕፃኑ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። እናትየው ቅዳሜ ገበያ ቃሪያና ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ባሏ የለም፣ ወንድሞች አሏት። ሾፌሩ ታሰረ፣ በዋስ ወጣ፣ ክሱ እየታየ ሳለ ሽማግሌ ገባ፣ የሁለቱም የንስሐ አባቶች ነበሩበት፣ በትልቁ ወንድሟ ቤት ተቀመጥን።

ካሳው ላይ ወንዶቹ ተከራከሩ ተስማሙ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። እኔ ወረቀቱን እየጻፍኩ ነው፣ ያው ሁሌ የሚጻፈው፣ "ከዛሬ ቀን ጀምሮ ቂም በቀል ላንያያዝ" የሚለው ላይ ደርሻለሁ። እናትየው እስካሁን የለችም፣ ማለቴ አለች ግን ጓዳው በር ላይ ነው ያለችው፣ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፣ ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም፣ ይሄን መናገር አለብኝ፣ አስር ጊዜ ቀና ብዬ አይቻታለሁ። ድንገት "እኔም አንድ ነገር ልጠይቀው" አለች። ትልቁ ወንድሟ "ተይ እንግዲህ" አላት፣ አንደኛው ቄስ ግን ትጠይቅ አሉ።

"ስታነሳው ነፍሱ ነበረች?" አለችው።

ልጁ ብዙ ቆየና ነበረች አለ። ጭኑ ላይ አስተኝቶ ሌላ ባጃጅ ነው የወሰዳቸው፣ መንገድ ላይ ሕፃኑ ውሃ ጠይቆት ነበር፣ "ውሃ አልነበረኝም፣ አይዞህ ደረስን ደረስን እያልኩት ነበር" አለ፣ ከዛ መናገር አቃተው። እሷ ቁጭ አለች፣ እዛው መሬት ላይ፣ እሱ አጠገብ። ስድስት ወር ሙሉ ልጄ መንገድ ላይ ብቻውን የሞተ እየመሰለኝ እንቅልፍ አልነበረኝም አለች። እዛ ቤት ውስጥ ያን ጊዜ ያላለቀሰ ሰው የለም።

ከዛ የምትፈልገውን ተናገረች። ገንዘቡን ለትልቋ ልጇ ትምህርት ብላ ተቀበለች፣ ግን ሁለት ነገር ጨመረች። ልጁ ችሎት ቆሞ አልገጨሁም እንዳይል፣ እና እዛ ቁልቁለት ላይ ብሬከር እንዲሠራ ከሷ ጋር ቀበሌ ሄዶ እንዲለምን። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። ልጁ ፍርድ ቤት አመነ፣ እርቁና ካሳው ታየለት፣ እስራቱ በገደብ ሆነለት። ብሬከሩ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተሠራ። የሕፃኑ ሙት ዓመት ላይ ሄጄ ነበር፣ ሰፈሩ ውሃ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል፣ ልጁ ጀሪካን በባጃጅ ጭኖ ከጠዋት ጀምሮ ይመላለስ ነበር።

ከፒያሳ፦ ይሄ ሁሉ ለሀብታም ነው። ብር ያለው ገድሎ ከፍሎ ይወጣል፣ ድሃው ይበሰብሳል። እውነቱን ተናገር

እውነት ነው ያልከው፣ ይሄን አልክድህም። ካሳ ብቻውን ከሆነ የደም ንግድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ነው ገንዘቡ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት የምለው፣ መጀመሪያ ማመን፣ መናገር፣ መስማት፣ ከዛ ምን ይመለስ የሚለው። ደግሞ ካሳ ማለት የግድ ጥሬ ብር አይደለም። ደምቢያ አካባቢ አንድ ወጣት በድግስ ላይ ተጣልቶ የሌላውን ሰው ቀኝ እጅ በቢላ ቆረጠው፣ ጅማቱ ተጎድቶ ሰውየው ሞፈር መጨበጥ አቃተው። የልጁ ቤት የሚከፈል ነገር የለውም። ተበዳዩ ራሱ "የኔን እጅ ካጠፋህ የራስህን አምጣ" አለ፣ እና ልጁ ሁለት ክረምት ሙሉ መሬቱን አረሰለት፣ አረመለት፣ ወቃለት። ከሀብታም የሚሰበሰብ መቶ ሺህ ብር ይሄን አይሆንም፣ ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት ያንን እጅ እያየ ነው የሚያርሰው።

በሌላ በኩል ደግሞ መደበኛው ሕግ ለድሃ የተሻለ ይክሳል ብለህ እንዳታስብ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት የሚሰጥ ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ልጇ ለሞተባት እናት። አንድ ሺህ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንተው ታውቀዋለህ፣ ይሄ አንቀጽ የሚያሳፍር ነው፣ ችሎት ላይም ብዬዋለሁ።

ከአራዳ፣ ሴት ነኝ፦ የተደፈረች ልጅን "ታረቂ" ብለው ሲያስገድዱ አይቻለሁ። እርስዎ እርቅ እርቅ ሲሉ ያንን ነው የማስታውሰው

እንኳን አስታወስሽ፣ እንኳንም ጠየቅሽ እህት ዓለም። እኔ አስገድዶ መድፈር ላይ፣ ጠለፋ ላይ፣ ሕፃን ላይ በተፈጸመ ጥቃት፣ ባል ሚስቱን በሚደበድብበት ኬዝ ላይ ወረቀት አልጽፍም። ተጠርቼ ሄጄ ተነስቼ ወጥቻለሁ፣ ሽማግሌ ተቀይሞኛል፣ ይቀየም።

ለምን ብትይኝ፣ እዛ የሚታረቁት አባቷና አባቱ ናቸው። የተጎዳችው እሷ ናት፣ የምትካሰው ግን የአባቷ ክብር ነው፣ በግ ይታረዳል፣ እሷ ትዳራለች። ሕጋችን ራሱ ድሮ እንዲህ ነበር፣ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ያንን ለማስቀረት እስከ 1996 ነው የፈጀው፣ አሁን በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ቢያገባትም ከቅጣት አይድንም ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። አስገድዶ መድፈር ላይ ደግሞ አቤቱታ አነሳሁ ብትይም ክሱ አይቆምም።

ውጭ አገር የተደፈረች ሴት ራሷ ፈልጋ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ባለሙያ አጠገቧ ሆኖ እስር ቤት ሄዳ ያንን ሰው ያነጋገረችበት አለ። ፈልጋ ነው፣ እሱም ታስሮ ሳለ ነው። የኛ ሽምግልና ግን የኃይል ሚዛኑን የሚያስተካክል ነገር የለውም፣ ተቀምጠው የሚፈርዱት ሁሉም ወንዶች ናቸው። እስኪ ሦስት ሴት ሽማግሌ ያለበት እርቅ አሳዩኝ። እኔ ሁለት ያለበት አንድ ጊዜ ነው ያየሁት፣ ያም የውርስ ጉዳይ ነበር።

ከወገራ፦ ልጄ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ ነው የሚያነብልኝ። በኛ ጊዜ ሰው ገድሎ የነበረ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ አይተናል። አሁን ልጆቹ ይሄን ያውቃሉ?

አባቴ እግዜር ያክብርልኝ፣ ይሄን እርስዎ ቢነግሩን ይሻል ነበር። ለማታውቁት ልጻፈው። ሰው የገደለ ሰው ከአገር ይርቃል፣ ደመኛው እንዳያገኘው። ሽማግሌና ቄስ ወደ ሟች ቤት ይመላለሳሉ፣ አንዴ ሁለቴ ይባረራሉ፣ መባረሩም ያለ ነው፣ ሐዘኑን ማክበር ነው። እሺ ከተባለ ቀን ይቆረጣል፣ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ገዳዩ በባዶ እግሩ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ይመጣል፣ ዘመዶቹ ከኋላው፣ ቄሱ መስቀል ይዘው መሃል ይቆማሉ። ድንጋዩን የሚያወርድለት የሟች ወገን ነው። ካላወረደለት እንደጎበጠ ይቆማል። ከዛ መሐላ፣ ዋስ፣ ካሳ። እርቅ ደም ያድርቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

እዛ ላይ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ድንጋዩን የማውረድ ሥልጣን የማን እንደሆነ ነው። የሽማግሌው አይደለም፣ የቄሱም አይደለም። ፍርድ ቤት ውስጥ የሟች እናት ምስክር ካልሆነች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትሰማለች፣ ማንም ስሟን አይጠራም።

አባቴ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥንት መንግሥት ራሱ ለበደል ሁሉ ሰው አይቆልፍም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ እስኪያገኙ አንድ ላይ ታስረው በቁራኛ ይሄዱ ነበር፣ ቃሉ እስካሁን አፋችን ላይ አለ። ገዳይም ተፈርዶበት ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር፣ ዘመድ ወይ ይገድለዋል ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይተወዋል። ይሄኛው ይመለስ አልልም፣ የሚያስፈራ ነው። ወህኒ የሚለው ቃል ግን ከኛው አገር አምባ ጋር አንድ ስም ነው፣ ወህኒ አምባ፣ በለሳ በኩል፣ የጎንደር ነገሥታት የዙፋን ተፎካካሪ እንዳይሆኑባቸው ልዑላንን እዛ አውጥተው ያኖሯቸው ነበር። ያጠፉት ነገር የለም፣ ከዓይን እንዲርቁ ነው። አሁንም ወህኒ ዋና ሥራው እሱ ይመስለኛል፣ ከዓይን ማራቅ።

ከጠዳ፦ የኔ ጥያቄ ቀላል ነው፣ ስልኬን የነጠቀኝ ልጅ 14 ዓመቱ ነው አሉኝ። ታስሮ ነው የሚማረው ወይስ?

የአስራ አራት ዓመት ልጅ በሕጋችን እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፣ ከ9 ዓመት በታች ጭራሽ አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ደግሞ ልዩ እርምጃ ነው የሚወሰድበት፣ ለቤተሰብ አደራ መስጠት፣ ተግሳጽ፣ እንደዚህ ያለ። ልጁን ከነእናቱ አስጠርተህ ስልኩ ላይ ምን እንደነበረ ንገረው። የጠፋብህን ፎቶ፣ የሥራ ቁጥሮቹን፣ ስንት ወር ቆጥበህ እንደገዛኸው። ለልጅ ስልክ ማለት ዕቃ ነው፣ የሰው ድካም መሆኑን ማንም አልነገረውም። ኒውዚላንዶች በትክክል ይሄን ነው የሚያደርጉት።

ከጭልጋ፦ ታርቆ የወጣ ሰው ተመልሶ አያጠፋም የሚል ማስረጃ አለ ወይስ እምነት ነው?

ጥናት አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ ወጥቶ ነበር፣ ፊት ለፊት መገናኘቱ ከንብረት ወንጀል ይልቅ ሰው በተጎዳበት ወንጀል ላይ ነው የበለጠ ውጤት ያሳየው፣ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው። የተበዳዮቹ ጭንቀትና የበቀል ስሜትም ቀንሷል። ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አልለወጠም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ወህኒ ገብቶ ከስድስት ወር በኋላ ከሌባ ጋር ተዋውቆ የሚወጣ ልጅ ነው፣ ያንን ለማየት ጥናት አያስፈልግም።

ከልደታ፦ አንተ የራስህ ልጅ ቢገደል ድንጋይ ታወርድለታለህ? በሰው ሐዘን ላይ ቀላል ነው ማውራት

አላውቅም ወንድሜ። ይሄን ጥያቄ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ አላውቅም።

ግን ልክ ነህ፣ ስለዚህ ነው እምቢ ማለት መብት መሆን ያለበት። የኛ ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ሽማግሌ ደጅ ላይ ይቆማል፣ ታቦት ይጠራል፣ ትልቅ ሰው ይንበረከካል፣ እምቢ ያለች እናት ጨካኝ ትባላለች፣ ቡና የሚጠራት ይጠፋል። አንድ ሴት አውቃለሁ እሺ ያለችው ደክሟት ነው፣ "እግራቸውን አይቼ አዘንኩ" ነው ያለችኝ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ስለደከሙ። ልጇን የገደለውን ይቅር ያለችው በሽማግሌ እግር ነው። እንደዚህ ያለውን ይቅርታ ተቀብዬ ጽፌያለሁ፣ ዛሬ ብሆን አልጽፍም። አንድ ጊዜ ተጠይቃ እምቢ ካለች አለቀ፣ ክሱ ይቀጥላል፣ እሷም በሰላም ትኑር። ይቅር ያላለ ሰው ያጠፋው ነገር የለም።

ደግሞም ይቅርታና እስራት አይጣሉም። ታርቆም መታሰር አለ። አውቆና አስቦ የገደለ ሰው ቤተሰብ ይቅር ስላለው ብቻ በማግስቱ ፒያሳ ላይ ቢታይ እኔም አልስማማም። የምለው ከባዱን ሁሉ እንፍታ አይደለም፣ ከባዱም ቢታሰር የተበደለው ሰው ጥያቄ መመለስ አለበት፣ ቀላሉ ደግሞ ባይታሰር ይሻላል ነው።

ከአንገረብ በኩል፦ የሽግግር ፍትህ እየተባለ ነው፣ ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካን ይጠቅሳሉ። ለኛ ይሆናል?

በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትህ ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፣ እውነት ማፈላለግ፣ ክስ፣ ምሕረት፣ ካሳ ሁሉም አለበት። ደቡብ አፍሪካ ሲባል ሁሉም ሰው የእውነትና እርቅ ኮሚሽኑን በመሩት በጳጳሱ በዴዝሞንድ ቱቱ ፊት አልቅሶ ምሕረት ያገኘ ይመስለዋል፣ ምሕረት የጠየቁት 7,112 ነበሩ የተሰጣቸው 849 ብቻ ናቸው፣ እውነቱን ሙሉ ያልተናገረ አላገኘም። ችግራቸው ካሳው ላይ ነው፣ ለተጎጂዎች ዘግይቶ ትንሽ ነው የደረሳቸው። ሩዋንዳ ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ ከመቶ ሺህ በላይ እስረኛ ይዛ መደበኛ ፍርድ ቤቷ ስለማይችለው ጋቻቻ የሚባለውን የመንደር ሸንጎ ከ2002 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አስኬደች፣ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ በሣር ላይ ታየ። ብዙ ሰው የዘመዱን አጥንት ያገኘው በዛ ነው። ተከሳሹ ግን ጠበቃ አልነበረውም፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለኛ የምፈራው አንድ ነገር ነው። በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ የጎንደር እናቶች ነበሩ፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ተቋቁሞ በዋናዎቹ ባለሥልጣናት ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ታህሳስ 1999 ነው። አብዛኞቹ እናቶች ውሳኔውን አልሰሙትም፣ ሞተዋል። ዕድሜ የሰጣቸውን አነጋግሬያለሁ፣ ስለ ፍርዱ አልጠየቁኝም፣ የት እንደተቀበረ ነው የሚጠይቁት። አሁንም አካባቢያችን ላይ ሰው እየሞተ ነው፣ ጥይት ሳይቆም እርቅ ማውራት ከባድ ነው፣ ግን ከአሁኑ ማን የት እንደወደቀ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ነው የሚጠብቀን።

ከደባርቅ፦ ጋሼ እባክዎ ይመልሱልኝ፣ ወንድሜ ትናንት ማታ ጠጅ ቤት ሰው በጠርሙስ መትቶ ታስሯል፣ የተመታው ሰው ሆስፒታል ነው። ሽማግሌ ልንልክ ነው ምን እናድርግ?

አይዞሽ እህቴ። ዛሬ ሽማግሌ እንዳትልኩ። ሰውየው አልጋ ላይ ሆኖ ደሙ ሳይደርቅ አምስት ጋቢ የለበሰ ሰው በላዩ ላይ ቢቆም ንቀት ነው የሚመስለው። የሁለታችሁም ወገን ያልሆነ፣ እነሱ የሚያከብሩት አንድ ሰው ፈልጉ፣ እሱ ብቻውን ይሂድና እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቅ፣ ስለ እርቅ ቃል አይተንፍስ።

የሕክምናውን ወጪ አሁኑኑ አግዙ፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ። "ከከፈላችሁ ወንጀሉን አመናችሁ ማለት ነው" የሚል ጎረቤት አይጠፋም፣ አትስሚው፣ ተበዳይን መርዳት አንቀጽ 82 ላይ ቅጣት የሚያቀል ተብሎ የተጻፈ ነው። ደረሰኙን ያዙ። ወንድምሽ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ሰዓቱን ቁጠሩ። ጠጅ ቤቱ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አታነጋግሩ፣ ባለቤቷንም ቢሆን፣ እንኳን ገንዘብ ሰላምታም አይሁን ለጊዜው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዛ ጠይቁ።

ወንድምሽን ስታገኚው ስለ ጠርሙሱ አትጠይቂው፣ ስለ ሰውየው ጠይቂው። ማነው፣ ልጆች አሉት ወይ፣ ምን ሠርቶ ነው የሚያድረው። ካላወቀ ይጠይቅ። ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ እሺ ካለ ደግሞ እሱ ራሱ ይቀመጥ፣ ሚስቱም ትቀመጥ፣ ወኪል አይሁን። ወረቀቱን ከመፈራረማችሁ በፊት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ማታ ማታ አያለሁ።